ዓይንዎን ይጨፍኑ አልኳቸው

በምክር አገልግሎት ሥራዬ ከሠራኋቸው ስህተቶች መካከል እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ አንድ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ትንሿ ቢሮዬ ውስጥ ስልሳ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። (እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ እንዳይታወቁ አንዳንዱን ነገር ለውጬዋለሁ።) ሐኪም ወደ እኔ የላካቸው እንቅልፍ አጥተው ነው። ልባቸውም፣ ጨጓራቸውም፣ ጭንቅላታቸውም በየመሣሪያው ታይቶ ምንም አልተገኘም። እኔም እንደተማርኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጋሼ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። አሁን ሐሳብዎን ወደ ውስጥ እግርዎ ይውሰዱት፤ እዚያ ምን እንደሚሰማዎ ብቻ ያስተውሉ» አልኳቸው።

ግማሽ ደቂቃ እንኳን አልቆዩም። ወንበሩን ገፍተው ተነሡ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «ይቅርታ ልጄ፣ የመኪና ማቆሚያው ሰዓት ሞልቶብኛል» ብለው ኮታቸውን በእጃቸው እንዳንጠለጠሉ ወጡ።

ወደ እርሳቸው እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን እኔ ራሴ በምን መንገድ እዚያ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ልናገር።

አዲስ አበባ የአማርኛ መምህርት ነበርኩ። ሜሪላንድ ስገባ ያገኘሁት ሥራ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ ነው። የጥገኝነት ጥያቄዬ ውሳኔ ሳያገኝ ዓመታት ተቆጠሩ። በአራተኛው ዓመት፣ አንድ ማለዳ ከሥራ ስመለስ፣ የማውቃቸው መኪኖች ደጄ ላይ ተደርድረው አየሁ። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ በር ከፍታላቸው ሳሎኑ ውስጥ ስምንት ሰዎች ቆመዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም አንድ ቃል ሳይናገር ገባኝ። እናቴ ከተቀበረች አምስት ቀን ሆኗት ነበር። ከሄድኩ መመለሻ ስለሌለኝ አልሄድኩም። በሳምንቱ ሥራ ገባሁ፤ የቤት ኪራይ መርዶ አያውቅም።

ከወራት በኋላ፣ ቤልትዌይ የሚባለው የዋሽንግተን ቀለበት መንገድ ላይ ስነዳ ልቤ ደረቴን ጥሶ ሊወጣ ደረሰ። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ያበቃልኝ መሰለኝ። ድንገተኛ ክፍል ሌሊቱን ሙሉ መረመሩኝና «ልብሽ ጤነኛ ነው» ብለው ሸኙኝ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ) አልጋዬ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠችና «በቅርብ የሞተብሽ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እስከዚያች ሌሊት ስለ ልቤ እንጂ ስለ ሐዘኔ የጠየቀኝ ሐኪም አልነበረም። ስምንት ሳምንት ወደሚፈጅ የማይንድፉልነስ (አሁን የሚሆነውንና የሚሰማንን ሳይፈርዱ የማስተዋል ልምምድ) ኮርስ የላከችኝም እሷ ናት።

ኮርሱን የጀመረው ጆን ካባት-ዚን የሚባል በሞለኪዩላር ባዮሎጂ የሠለጠነ ምሁር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ዉስተር ከተማ ባለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል። ወደ እሱ ይላኩ የነበሩት ሕክምና ተሞክሮላቸው ሕመማቸው ያልለቀቃቸው ሰዎች ነበሩ። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይሰበሰባሉ፤ በቀረው ቀን ቤታቸው ይለማመዳሉ። ሕመሙን ከማባረር ይልቅ ሳይሸሹትና ሳይታገሉት ማየትን ነው የሚማሩት። ቆይቶም ሌሎች ባለሙያዎች ዘዴውን ተመላልሶ ለሚመጣ ድብርት እንዲሆን አድርገው አሰናዱት።

እኛም በመጀመሪያው ቀን አንዳንድ ዘቢብ መዳፋችን ላይ ተደረገልን። እዩት፣ አሽትቱት፣ ጆሯችሁ አጠገብ አድርጉት፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ አኝኩት ተባልን። ሁሉም ሰው የሚናገረው ነገር አገኘ። እኔ ምንም አላገኘሁም። እንግሊዝኛው ይገባኛል፤ ሰውነቴ ግን በእንግሊዝኛ ሲጠሩት አይሰማም።

በአራተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ አስተማሪዋ ሐሳባችን ሲሸሽ ሳንቆጣ እንድንመልሰው ስትነግረን ሳላስበው ወደ አማርኛ መለስኩት። የመጣልኝ የእናቴ ድምፅ ነው። ልጅ ሳለሁ ስጥ ጠብቂ ብላኝ፣ እኔ ደመና ሳይ ዶሮዎቹ ሰሌኑን ወርረውት፣ ከማጀት ብቅ ብላ «አንቺ ልጅ! ቀልብሽን ሰብስቢ!» ያለችው። እዚያው፣ የማላውቃቸው ሰዎች መካከል፣ በመርዶው ቀን ያልወጣልኝ ልቅሶ ወጣልኝ።

የቋንቋ መምህር ስለነበርኩ ነው መሰለኝ ይህ ቃል ከዚያ በኋላ አለቀቀኝም። ቀልብ ልብ ማለት ነው፤ ከዐረብኛ የመጣ ነው። በአማርኛ ግን ምን ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ሰው ሲደነግጥ ቀልቡ ይገፈፋል። ያለቦታው ሲሆን ቀልቡን ይስታል። ቀልቡ ያልወደደው ሰው አለ። ይበተናል፣ ይሰበሰባል፣ ይመለሳል። እንግሊዝኛው በስምንት ሳምንት ያላስረዳኝን እናቴ በሁለት ቃል ነግራኝ ነበር።

የመኖሪያ ፈቃዴ ሲመጣ ሁለት ዓመት ሶሻል ወርክ ተማርኩ። ከዚያ በባለሙያ ቁጥጥር ሥር 3,000 ሰዓት መሥራት አለ፤ ለብቻ የምክር አገልግሎት ለመስጠት ሜሪላንድም፣ ቨርጂኒያም፣ ዲሲም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ሌሊት አረጋውያን እያገላበጥኩ ቀን ሰዓት ቆጠርኩ።

ወገኖቼ ወደ ቢሮዬ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት በሩን ነው፤ ማን አየኝ ብለው። ስለዚህ ሁሉንም አስቀድሜ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ «ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ሠርግ ላይ ብንገናኝ ቀድሜ ሰላም አልልዎትም። እርስዎ ሰላም ካሉኝ እመልሳለሁ፤ ካላሉኝ አንተዋወቅም።» ስንቱ ሰው ከዚህ በኋላ ነው ትከሻው ዝቅ የሚለው። ቀጥሎ የሚመጣው የሃይማኖት ጥያቄ ነው፤ «ይህ የቡድሃ ጸሎት አይደለም ወይ?» የምመልሰው እውነቱን ነው፦ ዘዴው የተቀዳው ከቡድሃ እምነት ልምምድ ነው፤ እዚህ የምንሠራው ግን ጸሎት አይደለም፣ ጸሎትዎንም አይተካም። የሚሰግድ ይሰግዳል፣ ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቃል፣ ሐኪም መድኃኒት ያዘዘለትም ይውሰድ። አንዲት እናት ይህን ሰምተው «እንግዲያ ዳዊት ስደግም አፌ እያነበነበ ቀልቤ ገበያ ሲወጣ የምመልሰው ነዋ» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ አስረድቼ አላውቅም።

ሕመሙን ሁሉም የሚነግረኝ በሰውነቱ ነው። «ያቃጥለኛል»፣ «ራሴን ይወቅረኛል»፣ «ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር አለ»። እንደ ዋዛ ሰምቶ ወደ «ጭንቀት» መተርጎም ትልቅ ጥፋት ነው። የት ያቃጥላል? ሲመጣ እንዴት ነው፣ ሲሄድስ? ከዚያ መጀመር ይቻላል።

ግን ሁልጊዜ አይደለም፤ ጋሼን የበደልኳቸው እዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። አልተቀመጡም፤ በሩ አጠገብ እንደቆሙ ነገሩኝ። በ1970 ዓ.ም. የአሥራ ስምንት ዓመት ተማሪ ነበሩ፤ ከቤታቸው ተወስደው ቀበሌ ታሰሩ። ዓይናቸው በጨርቅ ተጠፍሮ፣ እጅና እግራቸው አንድ ላይ ታስሮ፣ ጉልበታቸው ሥር እንጨት ተሰክቶ ቁልቁል ተሰቀሉ። ወፌ ላላ ነው። የሚገረፈው ውስጥ እግር ነው።

እኔ ዓይናቸውን አስጨፍኜ ወደዚያው እግር ላክኋቸው።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ማስረዳት አልሞከርኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም ዓይንህን ጨፍን ብዬ አላውቅም። ወንበሩን በሩ እንዲታይ አድርጌ አዙሬዋለሁ። ቀልብ ከሰውነት የሸሸው በምክንያት ነውና፣ ቤቱ ሳይጸዳ ተመለስ ብሎ መጎተት ግፍ ነው። ስለዚህ ከውጭ እንጀምራለን፦ መስኮቱ ላይ ምን ይታያል፣ ምን ይሰማል፣ የወንበሩ እጀታ ይቀዘቅዛል ወይስ ይሞቃል። አስተማሪዎቼ ልምምዱን በደወል ይከፍቱ ስለነበር እኔም ደወል ነበረኝ። ቤሩት በቤት ሠራተኝነት የኖረች አንዲት እህት አሠሪዋ በደወል ትጠራት እንደነበር ከነገረችኝ በኋላ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

በዘቢቡ ፈንታም ቆሎ አለኝ። ገብሱን ራሴ ነው የምቆላው። ጋሼ ቆሎውን በሞከሩበት በመጀመሪያው ቀን አንዲት ፍሬ መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩዋት፤ ዓይናቸው ክፍት ነው። በአውራ ጣታቸው አሹት፣ ገለባው ለቀቀ፣ እፍ አሉት። ሲያኝኩት ያ የቆሎ ድምፅ ለእኔም ይሰማኛል። «ትንሽ አርሮብሻል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

አሁን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። እንቅልፋቸው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ መድኃኒታቸውንም አላቋረጡም። ሌሊት ሲነቁ ግን ተነሥተው መብራት አብርተው መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ የሚያልፉትን መኪኖች ቀለም እየቆጠሩ ትንፋሻቸው እስኪረጋ ይጠብቃሉ። ስለ እግራቸው እኔ አላነሣም። ባለፈው ሐሙስ ሊወጡ ሲሉ የቆሎውን ሳህን አየት አድርገው «ዛሬ ዳለስ ኤርፖርት ረጅም ወረፋ ይጠብቀኛል» አሉና እፍኝ ዘግነው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ።