የኔኒ ክር

ዛሬ ቅዳሜ ነበር። እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ ተነስቼ መጻፍ ጀመርኩ።

ለልምምድ የተመደብኩበት የልጆች ማሳደጊያ ሰሜን ምሥራቅ ሃንጋሪ ነው፤ ከሚሽኮልች በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ቅዳሜ የጠያቂ ቀን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ማንም አይመጣም። ዛሬ አንዲት አያት መጡ። እዚህ ትልልቅ ሴቶችን «ኔኒ» ይሏቸዋል፤ እኛ «እማማ» እንደምንለው መሆኑ ነው። በፌስታል ፖጋቻ ይዘዋል። ጨው ያለው ትንንሽ ዳቦ ነው፤ ገና ትኩስ ሳለ ጠቅልለውት ፌስታሉ ውስጡ ላብ አውጥቷል።

ልጁ 14 ዓመቱ ነው። የሹራቡን ኮፍያ ደፍቶ ወጣ። ኔኒ ኮፍያውን ገፈፍ አድርገው አንገቱን አዩ፣ ጆሮውን አዩ። ከዚያ ከኪሳቸው ነጭ ክር አወጡ። ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዘርግተው ለኩት። የባለፈው ጊዜ ቋጠሮ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። አዲስ ቋጠሩበት። ለካ ከሰልባጅ ገበያ ሱሪ ሊገዙለት ነው። ልጁ እኛን እያየ አፈረ፤ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሌሎች ሁለት ክሮችም አሏቸው። የታናናሾቹ ናቸው። በፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ ሕጉ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከማሳደጊያ ይልቅ አሳዳጊ ቤተሰብ ዘንድ ይሁኑ ስለሚል፣ ሁለቱ ሌላ ከተማ ናቸው። እነዚያ ክሮች ከዓምና ወዲህ አልተቋጠሩም።

ከሰዓት በኋላ የልጁን ፋይል ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር አየሁት። የእኔ ሃንጋሪኛ እዚያ ድረስ ስለማይሄድ እሷ እያነበበች ነገረችኝ። መብራት ተቆርጧል። ግድግዳው እርጥበት አለው። ሦስት ልጆች አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ። እናት ሥራ ፍለጋ ሌላ አገር ሄዳለች። ስለ ዱላ ወይም ስለ መጠጥ አንድ ቃል የለም። ማጠቃለያው ግን «ቸልተኝነት» ይላል።

ባልደረባዬ ፋይሉን ዘጋችና ዝም አለች። ሕጉን ሁለታችንም እናውቀዋለን። በፈረንጆቹ የ1997ቱ የሃንጋሪ የልጆች ጥበቃ ሕግ በገንዘብ ችግር ምክንያት ብቻ ልጅ ከቤተሰቡ አይለይም ይላል። ታዲያ ችግር ተብሎ ስለማይጻፍ ቸልተኝነት ተብሎ ይጻፋል። ልጅ የሚደበደብበት፣ ከነጭራሹ መውጣት ያለበት ቤት መኖሩን አልክድም። እንደዚያ ያለ ፋይልም አይቻለሁ። ይኼኛው ግን የመብራት ሂሳብ ነው።

«ሮማ» የሚል ቃል ፋይሉ ላይ የለም። ብሔር አይመዘገብም። (ሮማ አውሮፓ ውስጥ ለዘመናት የኖረ፣ የሚገለል ሕዝብ ነው። ብዙዎቻችን «ጂፕሲ» ስንል ለምደናል፤ ከራሳቸው ብዙዎቹ ቃሉን ስድብ ነው ይላሉ።) ግቢው ውስጥ ግን ማንም ያየዋል። የአውሮፓ ሮማ መብቶች ማዕከል በፈረንጆቹ 2011 ባወጣው ጥናት ሮማዎች ከሃንጋሪ ሕዝብ ከመቶ 7 ገደማ ሲሆኑ፣ አጥኚዎቹ በጎበኟቸው ማሳደጊያዎች ግን ከልጆቹ ከመቶ 66 ያህሉ ሮማ ነበሩ። ስሎቫኪያ ውስጥ ከመቶ 80 በላይ ሆኖ ተገኘ። ማዕከሉ በ2021 ሌላ ጥናት ሲያወጣም ነገሩ ያው ነበር።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። ማሪያ ቴሬዛ የምትባለው የሃንጋሪ ንግሥት በ1773 የሮማ ልጆች ከወላጆቻቸው ተወስደው ሃንጋሪ ገበሬዎች ዘንድ እንዲያድጉ አዝዛ ነበር። ያኔም ለልጆቹ ጥቅም ነው ተብሏል።

እኔን ግን ወደ አገሬ ወሰደኝ። በእኛ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፓርላማ የውጭ ጉዲፈቻን እስኪከለክል ድረስ፣ እናት አባታቸው በሕይወት ያሉ ልጆች «ወላጅ የሌለው» እየተባሉ የሄዱበት ጊዜ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እናት ልጇ እንደሄደ በሩን ሳትዘጋ ነበር የምታድረው። ከተመለሰ እንዳይቸገር ነው የምትለው። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ አልገባኝም።

የሚያበሳጨኝ ይኼ ነው። ለዚህ ልጅ በየወሩ ለምግብ፣ ለአልጋ፣ ለሞግዚት ገንዘብ ይወጣል። ያንን መብራት ለማስቀጠል ግን ከዚህ በጀት አንድ ሳንቲም ማውጣት አይቻልም። ጠይቄያለሁ። «የእኛ ክፍል ሥራ አይደለም» ተባልኩ።

ፋይሉ ላይ አንድ ሌላ መስመር ደግሞ አለ። የቤተሰብ ግንኙነት ይላል። «የተቆራረጠ» ተብሎ ተሞልቷል። ኔኒ በክረምቱ ብርድ ሁለት ወር አልመጡም ነበር። ልጁ ወደ ቤት ይመለስ አይመለስ ሲባል ይህ መስመር ይነበባል።

ማምሻውን ፌርማታው ላይ አገኘኋቸው። በተሰባበረ ሃንጋሪኛዬ ክረምት ላይ ለምን እንደቀሩ ጠየቅኳቸው። «ማገዶ» አሉኝ። ወይ ማገዶ ወይ አውቶቡስ። እዚህ አገር 65 ዓመት ለሞላው ሰው አውቶቡስ ነፃ ነው። እሳቸው 59 ናቸው። ከዚያ ከጡታቸው ሥር መሐረብ አወጡ። ሲፈቱት ውስጡ የአውቶቡስ ትኬት ነው። አንዱንም አልጣሉም። ለማን እንደሚያሳዩት ሳያውቁ ነው ያስቀመጡት።

እንካ ብለው ሰጡኝ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። 24 ትኬት፤ ሁለት ሁለት አውቶቡስ፣ ስድስት ደርሶ መልስ። ሰኞ ጠዋት ኮፒ አድርጌ ከደብዳቤ ጋር ፋይሉ ውስጥ እንዲገቡ አቀርባለሁ። ዋናዎቹን ቅዳሜ በመሐረባቸው እመልስላቸዋለሁ።