ነፋስ ፍለጋ ወደ ሱሉልታ

አዳማ ነፋስ አይጎድልባትም። ኮረብታው ላይ የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ምስክር ናቸው፤ መጀመሪያ በ51 ሜጋ ዋት ተጀመረ፣ ኋላ 153 ሜጋ ዋት ተጨመረበት። እናቴ ግን ነፋሱን የምታውቀው በሌላ በኩል ነው፤ የተሰጣ ልብስ ከጎረቤት ግቢ በመልቀምና ቤት በቀን ሦስቴ በመጥረግ። ልጇ ሳጥን ተሸክሞ «ነፋስ ፍለጋ አዲስ አበባ ልሄድ ነው» ሲላት ምን ትበል? «የዚህን ጨርሰኸው ነው?» አለችኝ።

አልጨረስኩትም። እኔ ከመሬት ቆሜ በሪሞት የማበርራት ግላይደር፣ ትንሽ የፎም አውሮፕላን ናት፣ ሞተር የላትም። ነፋስ ሜዳውን አቋርጦ መጥቶ ተዳፋት ሲገጥመው መሬቱን ሰንጥቆ ማለፍ አይችልምና ወደ ላይ ይወጣል። ግላይደሯ በዚያ አየር ውስጥ ሁልጊዜ ወደ ታች እየተንሸራተተች ነው፤ አየሩ ግን እሷ ከምትወርድበት ፈጥኖ ስለሚያነሳት ነፋሱ እስካለ ድረስ መሬት አትነካም። ለዚህ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ነፋስና ከፊቱ ምንም ያልቆመበት ገላጣ አፋፍ ያስፈልጋል። አዳማ የመጀመሪያው ሞልቶናል። ለሁለተኛው የሚመቸውን ቦታ ማማዎቹ ወስደውታል፤ የሚሽከረከር ክንፍ ከኋላው ያለውን አየር ያምሰዋል፣ እዚያ ሥር ሪሞት ይዞ የሚቆም ሰውም አይፈለግም። ትክክልም ነው።

አዲስ አበባ ዙሪያዋን ተራራ ነው፣ ግን ተራራ ሁሉ አያበርርም። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ሆኖም በአጼ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ጎኑን ሸፍኖታል። ዛፍ ነፋሱን ይሰባብረዋል፣ የወደቀችውንም ግላይደር ጫፉ ላይ ሰቅሎ ያስቀራታል። እንጦጦን ተሻግረው ወደ ሰሜን ሲወርዱ ግን የሱሉልታ ሜዳ ይከፈታል። ከሜዳው ዳር ሣር ብቻ የለበሰ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ተረተር አለ። በበጋ ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ስለሚመጣ ከዚህ የተሻለ አልመኝም።

ከአዳማ እስከ ቃሊቲ ስላለው ፈጣን መንገድ የምለው የለኝም፤ ተኝቼ ነበር። ከቃሊቲ አዲሱ ገበያ መድረስ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ፈጀ። አዲሱ ገበያ ላይ የሱሉልታው ታክሲ ረዳት ሳጥኔን አየና «ይሄ የሁለት ሰው ነው» አለኝ።

«ፎም ነው ውስጡ። አንድ ኪሎ አይሞላም።»

«ወንድሜ፣ እኔ በኪሎ አልጭንም።»

መልሱ ልክ ስለነበር ይበልጥ አናደደኝ። ከፈልኩና ሳጥኑን አጠገቤ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፤ ሂሳቡ ተከፍሎለታልና። ትንሽ እንደሄድን አንዲት እናት ገብተው ቆሙ። «ልጄ፣ ካርቶን አስቀምጠህ እናትህን ታቆማለህ?» ሲሉኝ ሜትር ከሃያ የሚረዝመው ሳጥን ጭኔ ላይ መጣ። የሁለት ሰው ከፍዬ በግማሽ ሰው ቦታ ሱሉልታ ገባሁ። አዳማ ቢሆን ባጃጅ ጣሪያ ላይ አስረው፣ ሲደርሱ ደግሞ «የፈለግከውን ጨምር» ይሉ ነበር፤ ያም ቢሆን ርካሽ አይደለም፣ ግን ቢያንስ ያስቃል።

ስለ ፔንሲዮኑ ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። 700 ብር፣ ሙቅ ውሃ አለው ተባልኩ፤ ውሃው «ጠዋት ይመጣል» ሆነ፣ ጠዋት ደግሞ «ማታ ነበር»። አዳማ ብርድ ልብስ የሚገዛው ለእንግዳ ነው፤ እዚህ ያገኘሁት አንድ ብርድ ልብስ ደግሞ ለእንግዳ እንኳ የሚሰጥ አልነበረም። የጎጃም መንገድ በመስኮቱ ሥር ያልፋል፤ ከባድ መኪና ሁሉ ማርሽ የሚቀይረው እኔ ዓይኔን ስከድን ይመስለኛል። መኪናው ሲያልፍ ውሻ ይነሣል፣ ውሻው ሲደክመው ሌላ መኪና። ብርድ የባትሪን ጉልበት ስለሚቀንስ የሪሞቱንም የግላይደሯንም ባትሪ ከእኔ ጋር አስተኛኋቸው። ከሦስታችን የተኙት እነሱ ናቸው።

ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። ኅዳር መጨረሻ ነው፤ ወተት በሞላበት አገር፣ በየደጃፉ የወተት ጣሳ ተደርድሮ እያየሁ፣ የነቢያት ጾም ስለነበር ሻይ በዳቦ በላሁ። በመንገዱ ዳር ሯጮች በቡድን በቡድን ያልፋሉ። ቀነኒሳ በቀለ መም ያሠራው እዚህ ሱሉልታ ነው። ሯጮቹ ለሚመጡለት ስስ አየር እኔም በሌላ በኩል እከፍላለሁ። ተረተሩ ላይ፣ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ ሩቡ ያህል ጎድሏል። ስለዚህ ያችው ግላይደር በዚያው ክብደቷ አየር ላይ ለመቆየት 15 በመቶ ገደማ መፍጠን አለባት። ከአዳማ ስመጣ እንኳ ልዩነቱን ጣቴ ያውቀዋል፤ መታጠፊያው ይሰፋል፣ ማረፊያው ይረዝማል።

የምወዳደራቸው መምህሩና ተማሪው ቀድመውኝ ተረተሩ ላይ ነበሩ። መምህሩ የኤሌክትሮኒክስ አስተማሪ ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ፣ ሰዓት ሲያጭበረብር ግን አንተ እለዋለሁ። ተማሪው ክንፉን የሠራው ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ነው፤ በጋለ ሽቦ ቆርጦ፣ ውስጡ ዘንግ ቀብሮ፣ ላዩን በፕላስተር ጠቅልሎ። የእኔም የመምህሩም ጭራ የሌላቸው፣ ክንፍ ብቻ የሆኑ፣ ቢወድቁ የማይሰበሩ ለስላሳ ፎሞች ናቸው። የእኔዋ ሆድ ውስጥ ከጎሚስታ የለመንኩት የጎማ ሚዛን እርሳስ አለ። ነፋስ ሲበረታ ክብደት ይጨመራል፤ ከባድ ግላይደር ነፋሱን ሰንጥቃ ትሄዳለች፣ ቀላሏን ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋታል።

ደረስን፣ ተዘጋጀን፣ ነፋስ የለም። የከበቡን እረኞች «ድሮን ነው?» ይላሉ፤ መምህሩ ቀበሌ ቀድሞ አሳውቆ ስለነበር ግላይደሯን ገልብጦ ካሜራም የሚሽከረከር ክንፍም እንደሌላት ያሳያል። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ዋጋዋ ነው። ረፋድ 4 ሰዓት ሲሆን ጭልፊት መጣ። ክንፉን ሳያርገበግብ ከአፋፉ ፊት አየር ላይ ቆመ። የነፋስ መለኪያ ቢኖረንም ያመንነው ጭልፊቱን ነው፤ ተማሪው ወዲያው ወረወረ።

ውድድሩ በዓለም አቀፍ ደንብ ኤፍ3ኤፍ ይባላል። 100 ሜትር በሚራራቁ ሁለት መስመሮች መካከል 10 ጊዜ መመላለስ ነው፣ በድምሩ አንድ ኪሎ ሜትር፤ አንድ በአንድ እየተበረረ ሰዓት ይያዛል። ከተወረወረች በኋላ ወደ መስመሩ ለመግባት 30 ሰከንድ አላት፤ በዚያ ጊዜ የሰበሰበችውን ከፍታ ነው ወደ ፍጥነት የምትመነዝረው። ነፋሱ በሰከንድ ከ3 ሜትር ካነሰ ወይም ከ25 ከበለጠ አይወዳደሩም። ውጭ አገር በውድ ፋይበር ግላይደርና በጥሩ ነፋስ 40 ሰከንድ ሳይሞላቸው የሚጨርሱ አሉ። የእኛ መስመር ሁለት ሸምበቆ ነው፣ ጫፉ ላይ ፌስታል የታሰረበት። መስመር መሻገሯን በፊሽካ የሚነግሩን ዳኞች እረኞቹ ናቸው። ፊሽካ ብንሰጣቸውም ጥለውት ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ፤ ፉጨታቸው ከፊሽካው ርቆ ይሰማል። አንደኛው ግን ተማሪውን ስለወደደው ቀድሞ ያፏጭለት ነበር። መምህሩ ተቃውሞ አቀረበ፣ ልጁ «እኔ እዚህ ነኝ፣ አንተ እዚያ ነህ» ብሎ ዘጋው።

አሥር ጊዜ መመላለስ ማለት ዘጠኝ መታጠፊያ ነው፤ ሰው የሚሸነፈውም እዚያ ነው። መሪውን በኃይል የሳበ ሰው ግላይደሯን ያስቆማታል፣ የለሰለሰ ደግሞ ከመስመሩ ርቆ ይሄዳል። በሰከንድ 7 ሜትር ነፋስ 78 ሰከንድ አመጣሁ። መምህሩ 74። ተማሪው፣ ፉጨቱን ሳንቆጥር፣ ከሁለታችንም በታች።

ችግሩ የመጣው ሲታረፍ ነው። ከአፋፉ ጀርባ ያለው አየር የተገለበጠ ነው፤ ነፋሱ ተረተሩን ካለፈ በኋላ እየተጠቀለለ ወደ ታች ይደፋል። የተማሪው ክንፍ እዚያ ገባና ተመትቶ ያልታጨደ ሣር ውስጥ ወደቀ። ልንፈልግ ስንገባ ከታች ሰው ተጣራ። የሣሩ ባለቤት ናቸው፤ መንሽ ይዘው እየወጡ ነው። ሱሉልታ ላይ ሣር ገንዘብ ነው፤ የረገጡት ድርቆሽ አይታጨድም።

«ወረቀት ልታበሩ ሣሬን ትረግጣላችሁ?»

ይቅርታ ጠየቅን። መምህሩ ካሳ እንከፍላለን አለ። እሳቸው ለካሳው አልመለሱም፤ የመምህሩን ግላይደር ከእጁ ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኑ፣ ከታች አዩዋት፣ ጠርዟን በአውራ ጣት ዳሰሱ። «ሞተሩስ?» አሉ። የለም አልን። «ታዲያ ምን ያስኬዳታል?» ነፋስ አልን። ዞር ብለው አፋፉን ተመለከቱ።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራላችሁ? እዚህ እኮ ነፋሱ የተቆረጠ ነው። አውድማው ጋ አትሄዱም?»

አውድማው ከቆምንበት በስተቀኝ፣ ተረተሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደ ትከሻ በሚወጣበት ላይ ነው። እህል የሚያናፍስ ሰው ነፋስን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ገለባውን ከፍሬው የሚለይለት እሱ ነው። በላይዳ የተበተነ ገብስ ነፋሱ ከተዘበራረቀ ፍሬና ገለባው አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ አውድማ የሚቀመጠው ነፋሱ ቀጥ ብሎ በሚመጣበት፣ ከፊቱ ቋጥኝም ቁጥቋጦም በሌለበት ቦታ ነው። እኛ ስንከራከርበት የኖርነው የቦታ ምርጫ አባቶቻቸው ጨርሰውት ኖሯል። ሰዓቱንም ነገሩን። ቀትር ላይ ነፋሱ ይሰበራል፣ 9 ሰዓት ላይ ይመለሳል፤ ማናፈስ ያኔ ነው። ልክ እንዳሉት ሆነ። ቀትር ላይ ሜዳው ሲግል የሞቀ አየር ከየቦታው እየተነሣ የአፋፉን ነፋስ አንዴ ይጎትተዋል አንዴ ይለቀዋል፤ ጭልፊቱ ራሱ አፋፉን ትቶ ሜዳው ላይ መዞር ጀመረ።

ያን ክፍት ጊዜ ከእሳቸው ቆሎ እየበላን አሳለፍነው። «ስንት ትሮጣለች?» ብለው ጠየቁ። መምህሩ ስለ እኛዋ ከመናገር ይልቅ ስለ ካሊፎርኒያው ነገራቸው፤ በጥር 2013 ዓ.ም. ስፔንሰር ሊዘንቢ የሚባል አሜሪካዊ ሞተር የሌላት ግላይደር በሰዓት 882 ኪሎ ሜትር አበረረ። ከተራራው በላይ በሚሮጠው ነፋስና ከተራራው ጀርባ በተኛው አየር መካከል እየዞረች በየዙሩ ፍጥነት ትሰበስባለች። የሣሩ ባለቤት በላያችን ነጭ መስመር እየጎተተ የሚያልፈውን ጄት በመንሻቸው አሳዩን። «እንደዚያኛው?» «ያን ያህል» አለ መምህሩ። ቆሎውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «አንተ ብላ፣ እሱ አይገባውም» አሉኝ።

9 ሰዓት ላይ አውድማው ጋ ወጣን። ነፋሱ መለኪያው ላይ ያው 7 ሜትር ነው፣ ግን ሌላ ነገር ነበር። ግላይደሯ እጄን እንደለቀቀች ሳትወዛወዝ ወጣች። አንድ ቁራ ጥቂት አሳደዳትና ተሰላችቶ ተዋት። እርሳሱን ጨመርኩ፣ መታጠፊያውን ለአፋፉ አስጠግቼ ያዝኩ፣ 66 ሰከንድ። ጠዋት በዚያው ነፋስ 78 ነበርኩ። ያረፍነው እሳቸው ባሳዩን የታጨደ ሣር ላይ ነው። ለካሳው ገንዘብ ስናወጣ ግማሹን መልሰው ግማሹን ያዙ፤ ተከራክረን ይዘነው ከምንሄድ ይህ ይሻላል።

መምህሩ በመጨረሻ 65 አመጣሁ አለ። እኔ ሰባተኛው መታጠፊያ ላይ መስመሩን ሳትነካ ዞራለች እላለሁ፤ እረኛው አፏጭቷል ይላል። ያ እረኛ ለማን እንደሚያፏጭ ጠዋት አይተናል። ከጥምቀት በኋላ ልንደግመው ተስማምተናል። በተራው አዳማ ናና እንጨርሰው ብለው ግን አይሆንም አለኝ፤ ነፋሱን አይፈራም፣ ሙቀቱ ነው።