ከመሬት አራት ጣት

ባለፈው ወር አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን ልትለካ ከእናቷ ጋር መጣች። የምሰፋው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ቤቴ ቤዝመንት ውስጥ ነው። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም መስታወት፣ አንድ ሶፋ፤ በቃ። ቬሎው ከሥሩ ባለ ሦስት ቀለበት ሽቦ ጉርድ አለው። ልጅቷ መስታወቱ ፊት ስትቆም አማረባት። ከዚያ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። ሽቦው ከፊት ብድግ ብሎ አገጯ ጋ ደረሰ። እናት "ውይ!" ብለው በሁለት እጃቸው ተጫኑት። ተነስታ ደግሞ እስክስታ ሞከረች። ትከሻዋ አንድ ነገር ይላል፣ ሽቦው ሌላ። የቤተ ክርስቲያን ደወል መሰለች።

"እትዬ፣ ሽቦውን ብናወጣውስ?" አለችኝ።

"ያለ ሽቦ ምኑን ቬሎ ሆነ!" አሉ እናት።

ተመካክረው ቅዳሜ እንዲመለሱ ቀጠርኳቸው። ማታ ዕቃዬን ስሰበስብ ትዝ ያለችኝ የጥንቷ ዳንሰኛ ካማርጎ ናት።

ካማርጎን የማውቃት በሥዕል ነው። ዋሽንግተን ያለው ናሽናል ጋለሪ መግቢያው ነፃ ስለሆነ አንዳንድ እሁድ ጎራ እላለሁ። ሌላው ሰው ሥዕል ያያል፣ እኔ ስፌት አያለሁ። ኒኮላ ላንክሬ የሚባል ፈረንሳዊ በ1730 አካባቢ የሳላት ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አጸድ ውስጥ፣ በሰው ተከብባ፣ አበባ የተንዠረገገበት ሰፊ ቀሚስ ለብሳ ትደንሳለች። እግሯም ይታያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያት እዚያ እግር ላይ ምን ጉድ እንዳለ አልገባኝም ነበር።

ማሪ ካማርጎ በ1710 ብራስልስ ተወለደች። ፓሪስ ኦፔራ መድረክ ላይ የወጣችው በ1726 ነው። የዚያን ዘመን ሴት ዳንሰኛ ልብስ እንግዲህ የቤተ መንግሥት ልብስ ነው፤ ያውም ጌጥ የተጨመረበት። ከላይ ወገብ የሚያንቅ ኮርሴት። ከወገብ በታች ፓኒዬ። ፓኒዬ በፈረንሳይኛ ቅርጫት ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። ከሸምበቆ ወይም ከዓሣ ነባሪ አፍ ከሚገኘው ጠንካራ ዘንግ ተሠርቶ ዳሌ ላይ ይታሰራል፣ ቀሚሱን ወደ ግራና ቀኝ ይለጥጠዋል። ጫማው ባለ ታኮ ነው። የቀሚሱ ጫፍ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው።

ወንዶቹስ? ቶንሌ የሚሉት፣ እሱም ከውስጥ የተወጠረ አጭር ጉርድ ይለብሳሉ። ግን ጭናቸው ላይ ያበቃል። ከዚያ በታች እግራቸው ነፃ ነው። ስለዚህ የሚዘሉት ወንዶች፣ ረጋ ብለው የሚንሸራተቱት ሴቶች ሆኑ። ይህን የሴት ጨዋነት ብለው የሚያወሩለት አሉ። እኔ ልብሱን አይቼ ሳቄ መጣ። ያን ሁሉ ተሸክሞ ማን ይዘላል? ጨዋነት ያሉት ግማሹ የልብስ ሰፊ ሥራ ነው።

ካማርጎ ግን ዘለለች። አየር ላይ ሆኖ እግርን ማጠላለፍ፣ አንትርሻ የሚባለው፣ ዋና ችሎታዋ ነበር። እግር ካልታየ ደግሞ ያ ሁሉ ድካም ለማን ነው? ስለዚህ ቀሚሷን ጥቂት ጣት አሳጠረች። ለዚያች ጥቂት ጣት ፓሪስ ተንጫጫ። ከጫማዋም ላይ ታኮውን አስነቀለች ይባላል። ስትዘል እንዳያጋልጣት ከሥር ሙታንታ ለበሰች የሚልም አለ። ይህ እንዳያስቃችሁ፤ ያኔ አብዛኞቹ ሴቶች ከቀሚስ ሥር ሙታንታ አያውቁም። ወዲያው በስሟ የሚጠራ ጫማ ወጣ፣ በስሟ የሚጠራ የፀጉር አሠራር ወጣ። ያው እንደ ዛሬው ነው።

የእኔ ሰው ግን የዚያው ዘመን ዳንሰኛ ማሪ ሳሌ ናት። ካማርጎ ጫፉን አሳጠረች እንጂ ቅርጫቱን አልጣለችም። ሳሌ ጣለችው። በ1734 ለንደን፣ ኮቨንት ጋርደን ቲያትር ቤት፣ ነፍስ ስለዘራች ሐውልት የሚተርክ "ፒግማሊዮን" የሚባል ዳንስ ራሷ አዘጋጅታ ቀረበች። ያለ ፓኒዬ፣ ፀጉሯን ለቅቃ፣ እንደ ግሪክ ሐውልት በላይዋ የወረደ ስስ ሞስሊን ለብሳ። ሞስሊን ሻሽ የመሰለ ጥጥ ነው፤ ምርጡ ከቤንጋል ይመጣ ነበር። ሐሩንና የወርቅ ጥልፉን ትታ ጥጥ! ወሬው ፓሪስ ጋዜጣ ላይ ሳይቀር ወጣ። ለንደኖች ወደዷት። በዓመቱ የፍቅር አምላክ ሆና በወንድ ልብስ ስትወጣ ግን እነዚያው ለንደኖች አፏጩባት። የሰው ዓይን እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ላሳጥረው። ኖቬር የሚባለው የባሌት መምህር በ1760 ባሳተማቸው ደብዳቤዎች ጭምብሉም ይቅር፣ የፓኒዬውም ሦስት አራተኛ ይቀነስ ብሎ ተከራከረ። ከእሱ በኋላ ማድሌን ጊማር የምትባል ዳንሰኛ የላይ ቀሚሷን ሰብስባ እያነሳች ስትደንስ ያንኑ ቀሚስ የከተማው ሴት በስሟ አሰፋው። የፈረንሳይ ንግሥት ማሪ አንቷኔት ራሷ ስለ ልብስ ታማክራት ነበር። ይህችው ንግሥት በ1783 ሞስሊን ለብሳ የተሳለችው ሥዕል ለሕዝብ ሲታይ፣ ንግሥት የውስጥ ልብስ ለብሳ ትታያለች ወይ ተብሎ ከዐውደ ርዕዩ እንዲወርድ ተደረገ። ሳሌ በሞስሊን ከደነሰች ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው! መድረክ ላይ ያለፈው ነገር ንግሥት ላይ ሲሆን ነውር ሆነ።

ቅዳሜ ሁለቱም ተመለሱ። የካማርጎን ሥዕል በስልኬ ለእናትየው አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቆይተው አዩት። "ይቺ እኮ ሽቦ አላት" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

የታችኛውን ቀለበት አወጣሁ፣ ሁለቱን ተውኩ። ጫፉን ከመሬት አራት ጣት አንስቼ በስፒል ያዝኩት። እናት ወለሉ ላይ ተንበርክከው በራሳቸው ጣት ለኩ።

"ሦስት ይበቃል" አሉ።

ልጅቷ አልሰማቻቸውም። እስክስታዋን ጀምራ ነበር።