አንድ ግራጫ፣ ሁለት መልክ

ደሴ ውስጥ ለታዳጊዎች ሥዕል በማስተምርበት ክፍል፣ ባለፈው ቅዳሜ ብሩሽ ሳንነካ ባለቀለም ወረቀትና መቀስ ብቻ ይዘን ተቀመጥን። ከአንድ ግራጫ ወረቀት የተቆረጡ ሁለት ቁራጮችን አንዱን በቀይ፣ ሌላውን በአረንጓዴ ወረቀት መካከል ስናስቀምጥ፣ በቀዩ ላይ ያለው ወደ አረንጓዴ፣ በአረንጓዴው ላይ ያለው ደግሞ ወደ ቀይ ያደላ መሰለ። አንዲት ተማሪ ግን አላመነችም፤ ቁራጮቹን አንስታ ጎን ለጎን ካስተያየች በኋላ መለሰቻቸው፤ ይህንንም ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ጥርጣሬዋን እጅግ ወደድኩት፤ በቃል ብቻ ብነግራት ኖሮ እሺ ብላ ታልፈው ነበር።

ፈረንሳዊው ኬሚስት ሼቭረልም በ1839 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ጥናት የጀመረው፣ የጥቁር ክር መደብዘዝ ከማቅለሚያው ሳይሆን ከጎኑ ካለው ቀለም የሚመጣ መሆኑን በሥራው ላይ ስላስተዋለ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እኛም የጥለት ክር ይዘን እንሞክራለን።