ከአብስትራክቱ አይጀመርም

የባዮሎጂ ተማሪ የመጀመሪያውን የምርምር ጽሑፍ ሲይዝ የሚያደርገው የታወቀ ነው። አብስትራክቱን (አጭር ማጠቃለያውን) ሦስት ጊዜ ያነባል፣ መግቢያው ላይ ያሰምራል፣ ሜተዱን (የአሠራሩን ክፍል) ይዘለዋል፣ ፊገሮቹን (ውጤቱን የሚያሳዩትን ሥዕሎችና ግራፎች) ገረፍ አድርጎ አልፎ ዲስከሽኑ (የጸሐፊዎቹ ትንታኔ) ላይ ያርፋል። ምን አነበብክ ሲባል የጸሐፊዎቹን ድምዳሜ ይደግማል። ድምዳሜው ከየትኛው ፊገር እንደ መጣ ሲጠየቅ ግን ወረቀቱን ማገላበጥ ይጀምራል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ መቀስ ይበቃል። ርዕሱ፣ አብስትራክቱና ዲስከሽኑ ተቆርጠው የወጡበት ኮፒ ለተማሪዎቹ ይታደል። እጃቸው ላይ የሚቀረው መግቢያው፣ ሜተዱና ፊገሮቹ ከነመግለጫቸው ነው። ለእያንዳንዱ ፊገር ሙከራውን በእጃቸው ይሥሉ፦ ምን ተወሰደ፣ ምን ተደረገበት፣ ምን ተለካ። የሥዕል ችሎታ አያስፈልግም፤ ቱቦ፣ ቀስትና ሰዓት ይበቃል። መሣል ያቃታቸው ቦታ ያልገባቸው ቦታ ነው፤ ወደ ሜተዱ የሚመልሳቸውም እሱ ነው። ሥለው ሲጨርሱ ለፊገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር የራሳቸውን ርዕስ ይስጡት።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰጠው ጽሑፍ ከአምስት ፊገር ባይበልጥ፣ ቢያንስ አንዱን ዘዴ ደግሞ ተማሪዎቹ በላቦራቶሪ በእጃቸው የሠሩት ቢሆን ይመረጣል። የሌሎችን ምርምሮች የሚያጠቃልል የዳሰሳ ጽሑፍ አይሆንም፤ የሚሣል ሙከራ የለውም። 40 ገጽ ተጨማሪ ፋይል ተሸክሞ የሚመጣ የጂኖም ሥራም ለጀማሪ አይሆንም። ተማሪው ከእሱ የሚማረው ሳይገባው መነቅነቅን ብቻ ነው።

በ1958 የታተመው የማቲው ሜሰልሰንና የፍራንክሊን ስታል ጽሑፍ ለዚህ ሥራ ተብሎ የተጻፈ ይመስላል። ጥያቄው ዲኤንኤ ሲባዛ አሮጌው ገመድ ምን ይሆናል የሚል ነው። ኢ. ኮላይ ባክቴሪያን ለ14 ትውልድ በከባዱ ናይትሮጅን-15 አሳደጉ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ወደ ቀላሉ ናይትሮጅን-14 አዛወሩት። በየጊዜው ናሙና እየወሰዱ ዲኤንኤውን ሲዚየም ክሎራይድ ውስጥ ለ20 ሰዓት ያህል በሴንትሪፊዩጅ አሽከረከሩት። ከባዱ ዲኤንኤ ወደ ታች፣ ቀላሉ ወደ ላይ ቦታውን ይዞ ባንድ፣ ማለትም ጠባብ ጭረት፣ ይሠራል፤ ባንዱ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ፎቶ ይነሣል።

ተማሪዎቹ ፎቶውን ከማየታቸው በፊት ባዶ ሰንጠረዥ ይሰጣቸው። በአንድ በኩል ሦስቱ መላምቶች ይሰለፉ፦ አሮጌው ድርብ ገመድ ሳይነካ ይቀራል፤ እያንዳንዱ አዲስ ድርብ ገመድ አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ገመድ ይይዛል፤ አሮጌውና አዲሱ እየተቆራረጡ ይደባለቃሉ። በሌላው በኩል ከአንድና ከሁለት ትውልድ በኋላ የሚጠበቀውን ባንድ ይሣሉ። ፎቶው የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ስሕተቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይመጣል። ተማሪው የ1.0 ትውልዱን (ከተዛወረ ከአንድ ትውልድ በኋላ የተወሰደውን ናሙና) መስመር፣ ማለትም መካከል ላይ የቆመውን አንድ ባንድ አይቶ «ሴሚኮንሰርቫቲቭ መሆኑ ተረጋገጠ» ይላል፤ ሁለተኛውን መላምት ማለቱ ነው። ገና ነው። ይህ መስመር የሚጥለው የመጀመሪያውን መላምት ብቻ ነው፤ የመደባለቁም መላምት ቢሆን መካከለኛ ባንድ ይጠብቃል። ሁለቱን የሚለያቸው የ1.9 ትውልዱ መስመር ነው፤ እዚያ አንዱ መካከል፣ አንዱ ቀላሉ ቦታ ላይ የሆኑ፣ መጠናቸው የተቀራረበ ሁለት ባንዶች አሉ። መደባለቅ ቢሆን ኖሮ አንዱ ባንድ ሳይከፈል ወደ ቀላሉ በኩል እየተንሸራተተ ይሄድ ነበር። ከፊገሩ ግርጌ ደግሞ ማንም የማያያቸው ሁለት የድብልቅ መስመሮች አሉ፦ 0 (ገና ሁሉም ከባድ የሆነው ናሙና) ከ1.9 ጋር፣ 0 ከ4.1 ጋር። ለምን ደባለቁ? «መካከለኛ» የሚባለው ባንድ በእውነት በከባዱና በቀላሉ መካከል መሆኑ የሚታወቀው ሦስቱም በአንድ ላይ ሲሽከረከሩ ነው። ስለ ኮንትሮል (ለማነጻጸሪያ ስለሚሠራ ሙከራ) አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ከማውራት ይህን ጥያቄ ጠይቆ ዝም ማለት ይሻላል።

በዘመኑ ጽሑፎች ላይ ብዙውን ተማሪ የሚጥለው ኤረር ባር፣ ማለትም ከአማካዩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጋው መስመር፣ ነው። ባሩ ምንድን ነው? ኤን (የናሙናው ቁጥር) ስንት ነው? የምን ቁጥር ነው? ስታንዳርድ ኤረር (አማካዩ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚያሳየው) የሚገኘው ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን (የመረጃውን መበታተን) ለኤን ስኩዌር ሩት በማካፈል ስለሆነ፣ ኤን 9 ሲሆን ባሩ ከስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ወደ አንድ ሦስተኛ ያጥራል፤ መረጃው ግን ያው ነው። ኤን 3 ሲሆን ደግሞ የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (እውነተኛው አማካይ ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል) በየአቅጣጫው የስታንዳርድ ኤረሩን 4.3 እጥፍ ያህል ይሄዳል፤ «ባሮቹ ስላልተነካኩ ልዩነት አለ» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይወድቃል። ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከፋል። መድኃኒቱ የተሰጠው ለ3 አይጦች ሆኖ ከእያንዳንዳቸው 30 ሴል ተለክቶ «ኤን 90» ከተባለ፣ ትክክለኛው ኤን 3 ነው። የአንዲት አይጥ ሴሎች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ 90 ብሎ መቁጠር ፒ-ቫልዩውን (ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድሉን) ያለ አግባብ ያሳንሰዋል።

ወደ ፕሬዘንቴሽን ስንመጣ፣ 20 ደቂቃ ውስጥ ሁሉንም ፊገር ማቅረብ ማለት አንዱንም አለማቅረብ ነው። ሦስት ደቂቃ ለመነሻው ጥያቄ፣ 14 ደቂቃ ለሁለት ወይም ለሦስት ፊገር፣ የቀረው ለድክመቱ ይበቃል። ስድስት ክፍል ያለውን ፊገር እንዳለ ስላይድ ላይ መለጠፍ የተለመደ ጥፋት ነው፤ አንድ ስላይድ አንድ ክፍል ብቻ ይያዝ፣ የአክሲሶቹ ጽሑፍም በትልቅ ፊደል እንደገና ይጻፍ። የአነጋገሩ ቅደም ተከተል አይለወጥም፦ መጀመሪያ አክሲሶቹ፣ ቀጥሎ ኮንትሮሉ፣ ቀጥሎ መላምቱ ሐሰት ቢሆን ምን ይታይ እንደነበር፣ መጨረሻ ላይ የታየው። የፈራ ተማሪ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ይዘላል። «ሲግኒፊካንት ነው» (በስታቲስቲክስ ጉልህ ነው) የሚለውን ቃል ደግሞ ልዩነቱ 5 በመቶ ይሁን 5 እጥፍ ሳይናገሩ እንዳይጠቀሙበት መከልከል ነው፤ ክልከላው ጨካኝ ቢመስልም ይሠራል።

ውይይቱን የሚገድለው በአብዛኛው መምህሩ ነው። «ጥያቄ አለ?» ይልና ሁለት ሰከንድ ጠብቆ ራሱ ይመልሳል። ሰዓት እያዩ 10 ሰከንድ መጠበቅ ከባድ ነው፤ ግን አንድ ሰው ይናገራል። ከዚያም የሚሻለው እያንዳንዱ ተማሪ ከክፍሉ በፊት በነበረው ቀን አንድ ጥያቄ በጽሑፍ እንዲልክ ማድረግ፣ መምህሩም ከኋላ ወንበር መቀመጥ ነው። ሁለት ተማሪዎች ጸሐፊዎቹን ሆነው ሥራውን ይከላከሉ፤ የተቀሩት ገምጋሚ ይሁኑ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሌላ በሽታ ይመጣል፦ ማንኛውም ጽሑፍ ሲቀርብ «ሳምፕሉ ትንሽ ነው» ማለት። ተማሪዎቹ ከማምለክ ወደ መናቅ ተሻገሩ እንጂ ማንበብ አልጀመሩም። ስለዚህ ትችት የሚያቀርብ ሰው ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ የትኛው ፊገር ላይ ነው፣ ትችትህ ትክክል ከሆነስ ቀጣዩ ሙከራ ምን ያሳያል? ለፈተናም ከዚህ የተለየ ነገር አያስፈልግም፤ አይተውት የማያውቁት አንድ ፊገር ርዕሱ ተቆርጦ፣ ከግማሽ ገጽ ሜተድ ጋር ይቅረብ። ርዕሱን ይጻፉ፣ ኮንትሮሉን ያክብቡ፣ ፊገሩ የማያረጋግጠውን አንድ ነገር ይጥቀሱ። ነጥቡ የሚበዛው ለሦስተኛው ነው።