ግማሽ ኪሎ ሐበሻ

ዴልሂን አውቃታለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። ከየት አወቅካት አትሉኝም? በልጅነቴ ሰፈራችን ካለው ቪዲዮ ቤት በሃምሳ ሳንቲም ስንቱን የህንድ ፊልም አይቻለሁ። ዩኒቨርሲቲ ህንዳዊ መምህር አስተምሮኛል። እነሱም በርበሬ ይወዳሉ፣ እኛም እንወዳለን። ባጃጁ እንኳ የመጣው ከነሱ ነው። ከዚህ በላይ ምን ዝምድና አለ?

የመሥሪያ ቤት ስልጠናዬ የሚጀምረው ረቡዕ ነበር። እኔ ግን ሁለት ቀን ብቻዬን ልዝናና ብዬ ሰኞ ጠዋት ገባሁ። ወሩ መጋቢት፣ ጾሙ ሁዳዴ። እናቴ ቦሌ ድረስ ሸኝታኝ የመጨረሻ ቃሏ «ጾሙን አደራ» ነበር። «እማዬ ደግሞ፣ ህንድ እኮ አገሩ ሁሉ ጿሚ ነው!» አልኳት። ይህችን ንግግሬን ያዙልኝ።

ኤርፖርቱ ውስጥ፣ ፓስፖርት ከሚመታበት መስኮት በላይ፣ ግድግዳው ላይ ትልልቅ የእጅ ቅርጾች ተሰቅለዋል። አንዱ እጅ ጣቱን አጥፏል፣ ሌላው ዘርግቷል። የሆነ ነገር እያሉኝ እንደሆነ ያስታውቃል። ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ቀኔ በዚሁ ተጀመረ።

ሆቴሌ ፓሃርጋንጅ ነበር፤ ከኒው ዴልሂ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው፣ ሆቴል በሆቴል ላይ የተደራረበበት ሰፈር። የእንግዳ መቀበያው ልጅ ቁልፉን ሲሰጠኝ ቁርስ በእኛ አቆጣጠር እስከ አራት ሰዓት መሆኑን ነገረኝ። ሰዓቴን አየሁ። ገና ነው። ታጠብኩ፣ ጋደም አልኩ፣ ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲል ተዝናንቼ ወረድኩ። አስተናጋጁ ጠረጴዛ እየወለወለ ነው። ቁርስ አልቋል።

ሰዓቱን አሳየሁት። እሱም ግድግዳው ላይ ያለውን አሳየኝ። አራት ከሩብ ይላል።

ህንድ ከእኛ የምትቀድመው በሁለት ሰዓት ተኩል ነው። እኔ አውሮፕላን ውስጥ የአባቴን የእጅ ሰዓት ሁለት ሰዓት ወደፊት ገፋሁና ተኩሏን ረሳኋት። ስልኬ ራሱን አስተካክሎ ኪሴ ውስጥ ተቀምጧል፣ ግን ማን አይቶት! የሰዓት ልዩነት ተኩል ይኖረዋል ብሎ የሚጠረጥርስ ማን ነው? ለማንኛውም በባዶ ሆዴ ወጣሁ። ይህንንም ያዙልኝ።

«ባጃጅ የት አገኛለሁ?» አልኩት የመቀበያውን ልጅ።

«ባጃጅ?»

«አዎ፣ ባጃጅ።»

አሰበ። «ሞተር ሳይክል ልትገዛ ነው?»

«ኧረ አይደለም!»

«ታዲያ ቬንትሌተር?»

ሦስት ጣቴን አውጥቼ ሦስት ጎማ አሳየሁት። መሪ ያዝኩለት። በአፌ «ጠጠጠጠ» አልኩ። አንድ ሌላ እንግዳ ሻንጣውን ከአጠገቤ ራቅ አደረገ። ልጁ በመጨረሻ ገባው። «ኦ! ኦቶ!»

ለካ ባጃጅ እዚያ አገር የሰው ስም ነው። የቤተሰብ ስም። ኩባንያው በዚያ ቤተሰብ ስም ተጠራ፣ ባለ ሦስት እግሯን ሠርቶ ላከልን፣ እኛም ስሙን ለተሽከርካሪዋ ሰጥተን አረፍነው። ሞተር ሳይክልም ቬንትሌተርም በዚያው ስም ይሸጣል። እስቲ አስቡት፣ አንድ ህንዳዊ አራት ኪሎ ቆሞ «እስከ ፒያሳ የሚያደርሰኝ ተስፋዬ የት አገኛለሁ?» ቢለኝ እኔስ ምን ልለው ነበር?

ኦቶዋ ከደጅ ቆማለች። አረንጓዴና ቢጫ። ሹፌሩ ነጭ ጢማም አባት ናቸው። ከኢንተርኔት ያጠናኋትን «ላል ኪላ» ጣልኩላቸው። ቀይ ግንብ ማለት ነው። ሁለት መቶ ሩፒ አሉ። የመርካቶ ልጅ አይደለሁ? ሃምሳ አልኩ። መቶ ሃያ ላይ ተገናኘን።

ትንሽ እንደሄድን በመስታወቱ እያዩኝ «ፈርስት ታይም ኢንዲያ?» አሉ። እኔም እንደ አገሬ ደንብ፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ «እህ!» አልኩ። አዎ ማለቴ ነው። ሰውዬው ኦቶዋን ጥግ አስያዙና የውኃ ላስቲክ አቀበሉኝ። የታፈንኩ መስሏቸዋል። አይ፣ ደህና ነኝ፣ በእኛ አገር አዎ እንዲህ ነው የሚባለው ብዬ ላስረዳ ደግሜ «እህ!» አልኩ። ይባስ ብለው ጀርባዬን መቱኝ።

ጉዞ ቀጠልን። ከዚያ የሆነ ነገር ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ «ላል ኪላ ባንድ ሃይ» አሉኝ።

ባንድ! ደስ አለኝ። ከግንቡ ፊት ማርሽ ባንድ የሚጫወት መሰለኝ፤ መለከት፣ ከበሮ፣ ጥምጥም። «ቬሪ ጉድ! አይ ላይክ ባንድ!»

ዞረው አዩኝ። «ኖ፣ ኖ። ባንድ። ክሎዝድ።» መሪውን ለቀቁና ሁለት እጃቸውን እንደ በር ገጠሙልኝ። መኪናው፣ ሞተሩ፣ ሰው የሚጎትተው ጋሪ በግራና በቀኝ እየነጎደ።

አሃ! አልኩ በልቤ። ስለ ዴልሂ ያነበብኩት ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሹፌር «የምትሄድበት ቦታ ተዘግቷል» ካለህ እንዳታምነው፤ ኮሚሽን የሚያገኝበት ሱቅ ሊወስድህ ነው። እጄን አጣምሬ ተደላደልኩ። «ኖ ክሎዝድ። ጎ!»

«ሰር፣ ሶምዋር» አሉ፣ በሚያሳዝን ድምፅ።

የሱቁ ስም ሶምዋር ነው ማለት ነው። ምንጣፍ ይሸጡበት ይሆናል። «ኖ ሶምዋር!» አልኩ። «አይ ዶንት ላይክ ሶምዋር! ላል ኪላ!»

ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙት። እሺም እምቢም ያልሆነች፣ አንገት ላይ እንደ ተንጠለጠለች ሚዛን የምትወዛወዝ ነገር። ይህችን ውዝዋዜ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አውቃታለሁ። መምህራችንን «መልሱ ትክክል ነው?» ስንለው እንደዚሁ ያደርግ ነበር። ግማሹ ክፍል መልሱን ሰርዞ ይወጣል፣ ግማሹ ከሥሩ አስምሮ። እስከ ምረቃ ድረስ አልተስማማንም።

ደረስን። ግንቡ እውነትም ቀይ ነው፣ እውነትም ግንብ ነው። የታጅ ማሃሉ ንጉሥ ሻህ ጃሃን እ.ኤ.አ. በ1639 አስጀምሮ በ1648 ያስጨረሰው። በየዓመቱ ነሐሴ 9 የነፃነታቸው በዓል ሲከበር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከዚህ ላይ ነው ንግግር የሚያደርጉት። ይህን ሁሉ አጥንቼ ነበር። አንድ ያላጠናሁት ነገር ቢኖር ሰኞ ሰኞ ዝግ መሆኑን ነው።

ሶምዋር ለካ ሰኞ ማለት ነው።

ሹፌሩ አልሳቁም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው እንደ ልጃቸው እያዩኝ ዝም ብለው ጠበቁ። መጀመሪያ የጠየቁትን ሁለት መቶ ከፈልኳቸው። ሰማንያዋን ሊመልሱ ታገሉ፣ እኔም እምቢ አልኩ፣ እሳቸውም እምቢ አሉ። ያኔ በእርግጥም የዘመድ አገር መሰለኝ። በመጨረሻ ማዶ ያለውን ጎዳና ጠቁመውኝ ሄዱ።

ማዶው ቻንድኒ ቾክ ነው። የሻህ ጃሃን ልጅ ጃሃናራ ያሠራችው ገበያ። የሠርግ ሳሪ፣ ብር፣ መነጽር፣ የሚጠበስ ነገር፣ ጦጣ የሚሯሯጥበት የኤሌክትሪክ ሽቦ። ጎዳናውን ይዤ እስከ ጫፉ ሄድኩ። ጫፉ ላይ ካሪ ባውሊ የሚባለው የቅመም ገበያ አለ። መርካቶ በርበሬ ተራን አስቡና በአምስት አባዙት። ኩንታል በጭንቅላቱ የተሸከመ ወጣት እየጮኸ መንገድ ያስለቅቃል። ኮረሪማ የሚመስል አለ፣ እርድ አለ፣ ደረቅ ሚጥሚጣ የሚመስል ቀይ ነገር በክምር አለ።

እኔ እንግዲህ እናቴ በርበሬ ስታስቀነጥስ ከጎኗ ተቀምጬ ያደግሁ ልጅ ነኝ። አንድ ነጭ ፈረንጅ አፍንጫውን በሻርፕ ሸፍኖ ሲያልፍ ሳየው በሆዴ ሳቅሁበት። ደረቴን ነፍቼ፣ ጭራሽ አየሩን በረጅሙ ሳብኩት።

አስራ አንድ ጊዜ አስነጠስኩ። ቆጥሬዋለሁ፤ ሌላ ምንም ማድረግ አልቻልኩማ። ዓይኔ ጠፋ። ባጠገቤ ያለው ነጋዴ ያስላል፣ ተሸካሚው ያስላል፣ ገዢው ያስላል። እያሳሉ ይከራከራሉ፣ እያሳሉ ይገዛሉ። ፈረንጁ ሻርፑን አስተካክሎ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞሮ መሐረብ ሰጠኝ።

እንባዬን እየጠረግሁ ፋተህፑሪ መስጊድ አጠገብ አንድ ጣፋጭ ቤት በር ላይ ቆምኩ። ሆዴ ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ነው። በትልልቅ ትሪ የተደረደረ ቢጫ አለ፣ ነጭ አለ፣ እንደ ገብስ ቆሎ የጠቆረም አለ። ሻጩ አየኝ። ጥቁሩ ትሪ ላይ እጁን አሳረፈና ፈገግ ብሎ «ሐብሺ?» አለኝ።

ልቤ ዘለለ! ከአዲስ አበባ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቄ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ አንድ ሰው አወቀኝ!

«አዎ! ሐበሻ! ሐበሻ!» ደረቴን መታሁለት።

«ሐብሺ፣ ጉድ?»

«ቬሪ ጉድ!» አልኩ። ስለ አገሬ ሲጠየቅ ምን እላለሁ?

«ሃፍ ኬጂ?»

እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ፈገግታዬን ሳላጥፍ ራሴን ነቀነቅሁ። ሰውዬው ከጥቁሩ ትሪ ግማሽ ኪሎ መዝኖ፣ በካርቶን አሽጎ፣ ሒሳቡን ነገረኝ።

ጣፋጩ ነው ስሙ ሐብሺ ሃልዋ። ከመልኩ ጥቁረት የተነሳ ነው አሉ። ቃሉ ያው የእኛው ሐበሻ ነው፤ በአረቦች በኩል ዞሮ እዚያ ደርሷል። ሰውም ደርሷል። በ13ኛው መቶ ዘመን ዴልሂን የገዛችው ሱልጣና ራዚያ ያቁት የሚባል ሐበሻ የፈረስ ባልደራስ ሾማ፣ መኳንንቱ በዚህ ተቆጥተው ነገሩ በጦር ነው ያለቀው። የእሷ መቃብር ነው የሚባለው ከዚያ ገበያ ብዙም አይርቅም። ለያቁት ሹመት ነበር የደረሰው። ለእኔ ሃልዋ።

ካርቶኑ ላይ አረንጓዴ ነጥብ አለ። ህንድ ውስጥ ሥጋ የሌለበት ምግብ ምልክት መሆኑን አውቃለሁ። ጾም ነው ማለት ነው! እዚያው ቆሜ አንድ በላሁ። ሌላ ደገምኩ። ሦስተኛውን ወደ ሜትሮው እየሄድኩ ጨረስኩ። እንዴት ይጣፍጣል!

ባቡሩ መጣ። ዓይኔ ከበርበሬው ገና አላገገመም። ፊት ለፊቴ የተከፈተው በር ውስጥ ገባሁ። ባቡሩ ሰፊ ነው፣ ንጹህ ነው፣ ሰው ሁሉ ያየኛል። አንዲት እናት «ቤታ» ብለው ጠሩኝ። ልጄ ማለት ነው፣ ከፊልም አውቃታለሁ። ካርቶኑን የሚጠቁሙ መሰለኝ። የሐበሻ ልጅ ለብቻው አይበላም። ከፈትኩና «እንካችሁ!» ብዬ ለሰልፉ ሁሉ አዞርኩ።

ሳቅ ሆነ። አንዲት ተማሪ ቀስ ብላ ወደ በሩ አሳየችኝ። ሮዝ ጽሑፍ። የመጀመሪያው ፉርጎ የሴቶች ብቻ ነው። በዙሪያዬ ከእኔ በቀር ወንድ የለም። በሜትሮው ውስጥ መብላትም ክልክል ነው አለችኝ፣ በትህትና። ወደ ኋለኛው ፉርጎ ልሸሽ ስል እናትየው አንዲት ቁራሽ አነሱና በመሐረባቸው ጠቀለሉ። ለቤት ነው። የሆነ ነገርም ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አልኳት ተማሪዋን።

«ጥሩ አድርገሃል፣ ወተትና ቅቤ ስላለበት ሰውነት ያጠነክራል እያሉህ ነው።»

ሁለት ፌርማታ በጭንቀት ቆሜ ሄድኩ። ሆቴሌ በር ላይ ስደርስ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት።

«ልጄ፣ ጾሙን እንዴት ይዘኸዋል?»

«እማዬ፣ ኔትወርኩ…» አልኩ።

ቀና ስል አረንጓዴና ቢጫዋ ኦቶ ጠዋት የነበረችበት ቆማለች። ጢማሙ አባት ከውስጥ እጃቸውን አነሱልኝ። ካርቶኑን ከፍቼ ዘረጋሁላቸው። አንድ አነሱ።

«ቱሞሮው፣ ላል ኪላ… ባንድ?» አልኳቸው።

ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙት።

«ኦፕን ማለትዎ ነው?»

ደግመው ወዘወዙት፣ አሁንማ በፈገግታ።

«እህ!» አልኩ፣ ሳላስበው።

እጃቸው ወደ ውኃው ላስቲክ ሄደ።