በገንዘብ ሲተመን

ልብስ አልደርቅ ካለ ሰነበተ። ሹራቡ ወንበር ላይ፣ ካልሲው ምድጃ ዳር፣ ቦቲው በጋዜጣ ተጠቅጥቆ በር ሥር። ነሐሴ ሲገባ ይህ ድብርት አይቀርልኝም፤ «ደግሞ ጀመረው» እንደምትሉም አውቃለሁ። ስለ ድብርቱ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ዓይኔ ግን ቦቲው ላይ ቀረ። ተረከዙ ላይ የተጋገረው ጭቃ ጥቁር ነው፤ አፍንጫው ላይ ያለው ቀይ። ጥቁሩ የሜዳው ዋልካ፣ ቀዩ የተዳፋቱ።

ሁለቱ አንድ ዓይነት እርከን፣ ጎርፍ የሚገታ ክምር ማለቴ ነው፣ አይሸከሙም። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ክንድ የሚውጥ ስንጥቅ። የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ውሃው እርከኑን በአናቱ መዝለል አያስፈልገውም። በስንጥቁ ገብቶ ውስጥ ለውስጥ እየሰረሰረ በታችኛው ጎን ይወጣል። ከላይ ላየው ቀጥ ብሎ የቆመ እርከን ነው፣ ሆዱ ግን ባዶ። አንድ ቀን ይደረመስና «ጥሩ አድርጋችሁ አልጠቀጠቃችሁትም» ተብለው በክረምት ለልማት ሥራ የሚወጡት ተማሪዎች ይወቀሳሉ። ልጆቹ ምን ያድርጉ? ዋልካ ላይ የአፈር ክምር እንዲሠሩ ያዘዛቸው ነው መጠየቅ ያለበት። እዚያ የሚያስፈልገው ትርፍ ውሃውን ቀስ አድርጎ የሚያወጣ ማጠንፈፊያ ቦይ ነው።

ቀዩ ላይ የአፈር እርከን ይይዛል፤ ያውም ተዳፋቱ ከ15 በመቶ ካልበለጠ። ከዚያ በላይ ድንጋይ ይሻላል። ልኩ የታወቀ ነው፦ ከተጠቀጠቀ በኋላ ቁመቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር የማያንስ፣ የግርጌው ስፋት ከ1 እስከ 1.2 ሜትር፣ አናቱ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር። ከመጠቅጠቁ በፊት ለክቶ «ደርሷል» ማለት የተለመደ ነው። አዲስ የተቆለለ አፈር ሲያዩት ጉልበት ያልፋል፤ ሁለት ዝናብ ሲጠጣ ቁጭ ይላል። ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ቦታ ደግሞ የሙሉውን እርከን ውሃ ወደ ራሱ ይጠራል። አንዱ ሲበጠስ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወርዶ ከሥር ያለውን ይበጥሳል፣ ያም የሚቀጥለውን። አንድ ክንድ የማትሞላ ዝቅታ ሙሉ ተዳፋት ይዛ ትወርዳለች።

ልጆቹ የሚመጡት ትምህርት ሲዘጋ ነው፤ ዋናው ጣጣ ይሄ ነው። ቁፋሮ የጥርና የየካቲት ሥራ ነው፤ መሬቱ ደረቅ፣ ገበሬው ከአውድማ የተላቀቀ፣ ጎርፍ የሸረሸረው ቦረቦር ውሃ የሌለበት። የችግኝ ጉድጓድም ቢሆን ከተከላው ሦስት አራት ሳምንት ቀድሞ መቆፈር አለበት፤ 40 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ የላዩ አፈር በአንድ በኩል፣ የታችኛው በሌላ በኩል። ሐምሌ ላይ ዶማ የያዘ ልጅ የሚቆፍረው አፈር ሳይሆን ሊጥ ነው። እና ምን ይሰጣቸዋል? ችግኝ።

ችግኝ መትከል ቀላል ይመስላል። ፕላስቲኩ ይቀደዳል (ሳይቀደድ የሚቀበረው ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ)። ከታች የተጠማዘዘው ሥር በምላጭ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆረጣል። የላዩ አፈር ቀድሞ ይገባል፤ ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት አንገት ከመሬቱ ጋር እኩል ይሆናል፤ ዙሪያው በእግር ይረገጣል። አንገቱ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ከፍ ካለ ሥሩ ይራቆታል። ጉድጓዱ ጠቦ ሥሩ ወደ ላይ ከታጠፈ ዛፉ ለጊዜው የጸደቀ መስሎ ይቆይና በኋላ ይከዳል። ሲጨርሱ ቅጠሉን ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ ነው፤ ተከትሎ ከመጣ አልተረገጠም። ይህን ሁሉ በትክክል ሠርቶም ገና ነው። ጥቅምትና ኅዳር ውርጭ አለ። አዝመራው ሲነሳ ደግሞ ልቅ ግጦሽ አለ፤ ከብቱ ችግኙ በስንት ድካም እንደተተከለ አይነገረው ነገር።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ከተባለ ወዲህ የሁሉም ወሬ ቁጥር ሆኗል። ልጆቹም ተለክፈዋል፤ «እኛ ሁለት መቶ ገባን፣ እናንተስ?» ይባባላሉ። ፉክክሩ ሲጦፍ መጀመሪያ የሚቀረው ፕላስቲክ መቅደድ ነው።

የክረምት ቡድን ትልቁ ሀብቱ ዓይኑ ይመስለኛል። በጥር የሚቆፍረው ሰው ውሃውን አያየውም፤ በሲባጎና በግምት ነው የሚሠራው። ውሃው ሲመጣ ተዳፋቱ ላይ የሚገኙት ልጆቹ ናቸው። እርከኑ የት ይሞላል፣ በየት ይፈሳል፣ ክትሩን (ቦረቦሩን አቋርጦ የሚሠራውን የድንጋይ ግድብ) በየትኛው ክንፍ ይዞረዋል፤ ይህን በዓይኑ አይቶ ለጥር ቆፋሪዎች ሊነግር የሚችል ሌላ ማን አለ? እኛ ግን ዝናብ ሲመጣ «ሩጡ፣ ግቡ» ብለን እንበትናቸዋለን።

መበተኑም ልክ ነው፣ መብረቅ እስካለ ድረስ። ዶማና ዲጂኖ ይጣላል፣ ከገመገሙ ይወረዳል፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አይጠለልም። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ ነው ሥራው የሚጀመረው። ሁለት ሁለት ሆነው በእርከኑ ታችኛ ጎን ይሄዳሉ። ውሃ በአናቱ ያለፈበት ቦታ ሣሩ ወደ ቁልቁል ተኝቷል፤ እዚያ ችካል ይተከላል። ጎኑ ላይ ውሃ የሚያነባ ቀዳዳ ካለ ጫፉ ላይ ጨርቅ የታሰረ ችካል። ሁለቱ ለየብቻ የሚታከሙ ናቸውና መቀላቀል የለባቸውም። ቦረቦሩ ውስጥ አይገባም፣ ከጠርዙም ሁለት ሜትር መራቅ ነው፤ ክረምት ላይ ጠርዙ ከሥሩ ተበልቶ በሣር ሥር ብቻ ተንጠልጥሎ ይቆያል።

ጎርፉ ሲጎድል ደግሞ የደረሰበትን ከፍታ ራሱ ጽፎ ይሄዳል። ጭራሮ፣ ጭድ፣ የበግ በጠጥ፣ የቆሎ ገለባ ሳይቀር፣ ሁሉም በአንድ መስመር ተደርድሮ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ያ መስመር ከክትሩ የውሃ ማለፊያ በላይ ከሆነ ማለፊያው ጠባብ ነው ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ መሐንዲስ የለም። ግን መስመሩ በሚቀጥለው ዝናብ ይታጠባል፤ በዕለቱ ካላዩት የለም።

ክትር ላይ አዋቂም ልጅም የሚወደው ማስረዘም ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ገደማ ቢሆን ይበቃል። መሃሉ ከክንፎቹ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ሁለቱ ክንፎች ወደ ቦረቦሩ ግድግዳ ከ70 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ይገባሉ፤ መሠረቱ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይቆፈራል። መሃሉ ዝቅ ካላለ ውሃው በክንፍ ዞሮ ሌላ ቦረቦር ይከፍታል፣ ክትሩም በደረቁ ተገትሮ ይቀራል። ውሃው የሚወድቅበት ላይ ድንጋይ ካልተነጠፈ መሠረቱን ከሥር ይቆፍረዋል። ድንጋዩም ረጅም ጎኑ ወደ ውስጥ ሆኖ ይቀመጣል፤ ለፊት መልክ ብሎ በረጅሙ የሚደረድር ሰው ለአንድ ክረምት ነው የሚሠራው። በክትርና በክትር መካከል ላለው ርቀት ቁመቱ በ1.2 ይባዛና ለቦረቦሩ ወለል ተዳፋት ይካፈላል፤ 1 ሜትር ክትር 10 በመቶ ወለል ላይ 12 ሜትር ይመጣል። ከልጆቹ አንዱ፣ ረጅሙ፣ ይህን በጭንቅላቱ ይሠራዋል። ሒሳብ እንደሚጠላ ግን ይምላል።

ከሁሉ የሚጣሉበት የውሃ ልኩ ነው። 10 ሜትር ሲባጎ፣ እኩል ምልክት የተደረገባቸው ሁለት ዘንጎች፣ መሃል ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ የውሃ ልክ። ሦስት ልጅ ይበቃል፤ ሁለቱ ዘንግ ይይዛሉ፣ አንዱ አረፋዋን ያነባል። በእኛ ዓይነቱ ዝናባማ ደጋ እርከኑ ወደ ማስወጫው ግማሽ በመቶ ያህል ዘቀዝቀዝ ይላል፤ ለ10 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ቀላል ይመስላል እንጂ የሚያበላሸው ብዙ ነው። ሲባጎው ከረገበ፣ የውሃ ልኩ ትክክል መሃል ላይ ካልተንጠለጠለ፣ ዘንጉ ካዘመመ፣ ወይም አንዱ ልጅ ሳያስተውል ዘንጉን ድንጋይ ላይ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ካቆመ፣ አረፋዋ በእርጋታ ትዋሻለች። መፈተኛው የውሃ ልኩን አዙሮ አንጠልጥሎ እንደገና ማንበብ ነው። ሁለቱ ንባብ ካልተስማማ አረፋዋ ናት፣ ከተስማማ ጠቡ የልጆቹ ነው።

ሌላው መሣሪያ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ጎርፍ በሚወርድበት ሰዓት አንዱ ከግጦሽ ከተከለለው ቦታ ሥር፣ ሌላው ከታረሰው ማሳ ሥር ይሞላል። ክዳኑ ላይ ቀንና ቦታ ይጻፋል፣ አድሮ ሲጠል የታችኛው ዝቃጭ በማስመሪያ ይለካል። ምንም ዓይነት ንግግር አልጨምርም፤ ጠርሙሶቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው።

ችካል የተተከለበት ሲጠገን ደግሞ በተቀደደው ላይ አፈር መወርወር አይሆንም። የተበጠሰው ከንፈር እንደ መሰላል በደረጃ ይቆረጣል፣ ጭቃው ይወጣል፣ አፈሩ በየ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር እየተነጠፈ ይረገጣል። ጭቃ አይጠቀጠቅም፤ ፀሐይ ግማሽ ቀን እስክትመታው መታገሥ ነው። ከዚያ ከነአፈሩ የተነሣ ሣር ይለበሳል። ፀሐይ ስል ትዝ አለኝ፤ የዶማ እጀታ በዝናብ ያብጥና ጥብቅ ብሎ ይከርማል፣ ፀሐይ በወጣበት ቀን ይላላል። ጭንቅላቱ የሚወልቀው በዝናብ ቀን ሳይሆን ሁሉም ሰው ደስ ባለው ቀን ነው። ጠዋት ጠዋት ሽብልቁን ማየት፣ በሁለት ቆፋሪዎች መካከልም ሁለት ዘንግ ያህል ማራራቅ።

ሰዓቱስ? ልጆቹ ከሁለት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ነው የሚሠሩት፤ ዝናቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ዓይን የሚያስፈልገው ዓይኖቹ ቤት ከገቡ በኋላ መሆኑ ነው። ሰፈራቸው ቅርብ የሆኑ ሁለት ሦስት ልጆች ይበቃሉ ብዬ አስባለሁ፣ ግን ፍልሰታ አለ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ግማሹ ቡድን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፤ «ብላ» ብትሉት ይቀየማል። ከባዱን ሥራ ጠዋት አድርጎ ረፋዱን ለሲባጎና ለችካል መተው ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ያን ቀን ወንድ ልጅ አትጠብቁ። በዓላቱም ቀላል አይደሉም። ሐምሌ 5፣ 7፣ 12፣ 19፣ 21፣ 27፣ 29፤ ገበሬው መሬት በማይነካበት ቀን ልጆች ዶማ ይዘው ቢታዩ፣ በኋላ በረዶ ከወረደ ማን እንዳመጣው ይታወቃል። የመንደሩ ሽማግሌ ጋሼ አንድ ቀን «በዓል ቀን ቆፍሩ ያለህ ማነው?» ካሉ የሚመልስ የለም። ማየት ግን በየትኛው በዓል ተከለከለ? ጎርፍ በመመልከት የሚሻር ቀን የለም። እንዲያውም ይህን ለጋሼ ማስረዳት ለክረምቱ ሥራ አስተባባሪዎች ከማስረዳት ይቀላል።

አስተባባሪዎቹ ጋ ቅጽ አለ። ተሳታፊ፦ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር። የተተከለ ችግኝ። የለማ መሬት በሄክታር። በገንዘብ ሲተመን። ችካል የሚገባበት ዓምድ የለም፣ የጠርሙስ ዝቃጭም እንዲሁ። ይተመን ከተባለ እንግዲህ መተመን ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ አንድ ሰዓት ጎርፍ የተመለከተ ልጅ በቀን ሠራተኛ ሒሳብ ይያዝለት ወይስ በባለሙያ? ጃንጥላ የያዘው ይቀነስበታል? ስሌቱን ጀምሬ ነበር፤ ልጆቹን ጨርሼ ራሴ ላይ ስደርስ ተቸገርኩ። በመስኮት የታየ ዝናብ የሚቆጠር ከሆነ ወረዳው ከልጅነቴ ጀምሮ ያለብኝን ሁሉ ሊከፍለኝ ነው፤ ከየትኛው በጀት?